ሲሮጡ የታጠቁት

ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜን ጨምሬ፣ ዓይኔ እስኪቀላ። የትኛው ቧንቧ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ቫልቭ ከየትኛው ፓምፕ ቀጥሎ እንደሚመጣ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልስ ነበር። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውት አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው አዩት፤ የቀረበላቸው ሻይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡና የማቀዝቀዣውን ውሃ ፓምፕ ከበቡት። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ክብ።

«ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ይቺ ምን ትሆናለች?»

«ጀነሬተር አለን» አልኳቸው።

«በስንት ሰከንድ ይነሣል?»

አላወቅሁም።

«ማቀላቀያውን የሚያዞረው ሞተርስ ከየት ነው የሚያገኘው?»

ከዚያው መስመር ነው። ራሴ ነኝ የሳልኩት። እሳቸው ሌላ አልጨመሩም፤ እርሳሱን ሥዕሉ አጠገብ አስቀምጠው ቀዝቃዛውን ሻይ ጠጡ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። የሦስት ወር ልፋቴን በአንዲት ክብ ያቀለሉብኝ መሰለኝ፤ ለሁለት ቀን ያህልም ከሰላምታ ውጪ አላነጋገርኳቸውም።

ፋብሪካው ለኮምፔንሳቶ የሚሆን ሙጫ ያመርት ነበር፤ የማን እንደሆነና የት እንዳለ መናገር አያስፈልግም። ነባሯ ሪአክተር፣ ሙጫው የሚሠራባት ዝግ ጋን፣ ትንሽ ነበረች። እኛ ደግሞ አጠገቧ በብዙ እጥፍ የምትበልጥ አዲስ ልንተክል ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። አበዳሪው ባንክ «ከባለቤቱም ከተቋራጩም ጋር ንክኪ የሌለው ባለሙያ ይየው» ስላለ ነው የመጡት። እኔ ከአምስት ኪሎ ከወጣሁ ገና አራተኛ ዓመቴ ነበር። በሙጫ ሥራ ከእሳቸው እኔ እሻላለሁ ብዬ አምን ነበር፤ በእውቀት ደረጃ ይህ እውነት ነበር። እሳቸው ራሳቸው «እኔ የማውቀው ሸንኮራ ነው» ይሉ ነበር።

የሙጫው ጥሬ ዕቃዎች፣ ፌኖልና ፎርማሊን፣ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ውህደቱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ የበለጠ ሙቀት ይወጣል። ይህን ዙር የሚገታው በሪአክተሩ ጃኬት፣ ጋኑን ከውጭ በሚከበው ሽፋን፣ ውስጥ የሚዞረው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ፓምፑ ከቆመ ውሃው ይቆማል። ማቀላቀያው አብሮ ከቆመ ደግሞ መሃል ላይ ያለው ፈሳሽ ግድግዳው ጋ ያለውን ቅዝቃዜ አያገኘውም። ጋሼ ለፎርማኑ ሲያስረዱት የሰማኋትን ምሳሌ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፦ «ወተት ሲገነፍል ከእሳት ላይ ታወርደዋለህ። እዚህ ግን እሳቱ ያለው ወተቱ ውስጥ ነው። ከየት ታወርደዋለህ?»

ከዚህ ላይ የመጠን ጉዳይ ይጨመራል። የሪአክተሩን ቁመትና ስፋት እጥፍ ስታደርገው የሚይዘው ፈሳሽ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ግድግዳ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለች ጠርሙስ ራሷ ትበርዳለች። ትንሿ ሪአክተር በመጠነኛ ውሃ ትገታለች። ትልቋ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። እኛ «ነባሯ ላይ ለዓመታት ሠርተንበታል» እያልን ነበር፤ የሠራነው ግን በሌላ ፍጥረት ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት ሙጫ ምን እንደሚያደርግ በኋላ ነው ያነበብኩት። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1997 አሜሪካ ውስጥ ኮለምበስ ኦሃዮ ላይ የፌኖል ሙጫ የሚሠራበት ሪአክተር ፈንድቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ፣ አራት ቆሰሉ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጥሬ ዕቃውና ማፋጠኛው በአንድ ጊዜ ገብተው ነበር የተሞቁት። በዲሴምበር 19 ቀን 2007 ደግሞ ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ውስጥ ለቤንዚን የሚጨመር ኬሚካል የሚያመርት ትንሽ ኩባንያ ሪአክተሩ ፈንድቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ማቀዝቀዣው ተጠባባቂ አልነበረውም። ያ ምርት 175ኛው ዙር ነበር። መቶ ሰባ አራት ጊዜ ሳይፈነዳ ወጥቷል ማለት ነው። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለውን ቃል በስብሰባ ላይ በሰማሁ ቁጥር ያ ቁጥር ይታወሰኛል።

ጋሼ የመጡ ዕለት ማታ የት እንደነበሩ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሥዕሉን ከማየታቸው በፊት ነባሯ ሪአክተር ጋ ሄደው ከሌሊት ሽፍት ሠራተኞች ጋር አድረዋል። አንዱ ኦፕሬተር «መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ይነሣል፤ አንዳንዴ ግን ባትሪው ይደክምና የሰርቪሱን መኪና ባትሪ ፈትተን እናስነሣዋለን» ብሏቸዋል። ይህ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። እኔ እዚያ ግቢ ውስጥ ስምንት ወር ስመላለስ ለዚያ ሰው «እንደምን አደርክ» እንጂ ሌላ ነገር ብዬው አላውቅም።

ሪፖርታቸው አጭር ነበር። ከፍታ ላይ የሚቀመጥ የውሃ ታንከር ይተከል፤ መብራት ሲሄድ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ወደ ጃኬቱ ይውረድ። ፎርማሊኑ በአንድ ጊዜ አይገለበጥ፤ ቀስ እየተባለ ይግባ፣ ማቀላቀያው ከቆመ ወይም ሙቀቱ ካለፈ መግቢያው ራሱ ይዘጋ። የግፊት ማስተንፈሻው ስፋት እንደገና ይሰላ፤ ምክንያቱም የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ሳይሆን አረፋና ፈሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ሥራ አስኪያጁ አንብበው ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ምረቃው እኮ ቀን ተቆርጦለታል፤ እንግዳ ተጠርቷል» አሉ። ጋሼም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሏቸውና ኮፍያቸውን አነሡ።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመት ሳወጣ ሳወርደው ኖሬያለሁ። ጋሼ እኛ ያላየነውን ለምን አዩት? ከእኛ የበለጠ ስለተማሩ አይደለም። ሙጫ ሠርተው አያውቁም። ባለቤቱ ስለማይከፍላቸውም ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ ከፕሮጀክቱ ነው የወጣው። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ በዚያ ግቢ ውስጥ የምረቃው ቀን የማያሯሩጣቸው ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ። እኛ ሁላችን፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ በያጁ፣ ቀኑ በውስጣችን ገብቶ ነበር። ዓይናችን ደህና ነው፤ የምናየው ግን ወደ ቀኑ የሚወስደንን ብቻ ነው። ገለልተኛ ገምጋሚ ስንል ሰው ሁሉ የዝምድናና የገንዘብ ነጻነት ነው የሚታሰበው። እሱ ግድ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ከቀኑ ነጻ መሆኑን ነው።

ለዚህ ነው ፍሊክስቦሮ ከአእምሮዬ የማይወጣው።

ፍሊክስቦሮ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ትሬንት ወንዝ ዳር ያለች የገጠር መንደር ናት። እዚያ የነበረው ፋብሪካ ለናይለን መሥሪያ የሚሆነውን ካፕሮላክታም የሚባል ኬሚካል ያመርት ነበር። ስድስት ትልልቅ ሪአክተሮች እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ ትንሽ ዝቅ እያሉ ተሰልፈዋል። ውስጣቸው ሳይክሎሄክሳን የተባለ እንደ ቤንዚን የሚነድ ፈሳሽ በ155 ዲግሪ ሙቀትና ከአየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት ያልፋል። በማርች 27 ቀን 1974 አምስተኛው ሪአክተር ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ተገኘበት። ተሰበሰቡ። አምስተኛው ይነሣ፣ አራተኛውና ስድስተኛው በቧንቧ ይገናኙ፣ ምርቱ ይቀጥል ተባለ።

የሪአክተሮቹ አፍ 28 ኢንች ነው። ግቢው ውስጥ የተገኘው ቧንቧ 20 ኢንች ነበር። ሁለቱ አፎች እኩል ከፍታ ላይ ስላልሆኑ ቧንቧው ሁለት ቦታ መታጠፍ ነበረበት፤ በሁለቱም ጫፍ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥና የሚሰበሰብ መገጣጠሚያ ተደረገለት። ሥዕሉ ወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ነው የተሣለው። ሌላ ሥዕል አልነበረም። የመገጣጠሚያው አምራች ያወጣው መመሪያ አልተነበበም። ኃይሉን ያሰላ አልነበረም፤ ማስላት የሚችለው ዋናው የፋብሪካ መሐንዲስ በዓመቱ መጀመሪያ ለቅቆ ቦታው ገና አልተተካም። ቧንቧው ከታች የተደገፈው በግንባታ መወጣጫ ብረት ነበር። ሲፈተሽም የተሞላው ግፊት የደኅንነት ቫልቩ ከሚከፈትበት ያነሰ ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ከስንጥቁ እስከ ሥራ አምስት ቀን።

በኋላ መርማሪዎቹ ሲያሰሉት ግፊቱ በዚያ የታጠፈ ቧንቧ ላይ ወደ 38 ቶን የሚደርስ ግፊያ ነበረው። ቧንቧውን የሚያጣምም፣ መገጣጠሚያዎቹን የሚያንሻፍፍ ኃይል። ሁለት ወር ያዘ። ቅዳሜ ጁን 1 ቀን፣ ከቀኑ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ለቀቀ። የወጣው ደመና እሳት አገኘ። 28 ሰዎች ሞቱ፤ 18ቱ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፣ ከእነሱ አንድም የተረፈ የለም። ከ1800 የማያንሱ ቤቶች ተጎዱ። የሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ ቢሮው ሙሉ ነበር።

እኔን የሚያስለቅሰኝ ግን ቧንቧው ብቻ አይደለም። አምስተኛው ሪአክተር ለምን ተሰነጠቀ? መልሱ የተገኘው ከአደጋው በኋላ ነው፦ ከላይ ትንሽ የሚያፈስ ነገር ስለነበር ውሃ ይረጭበት ነበር፤ ያ ውሃ ናይትሬት ነበረበት፤ ናይትሬቱ ብረቱን ከውጭ እየሰነጠቀው ቆየ። ሌሎቹ አምስት ሪአክተሮች ተመሳሳይ ስንጥቅ ይኑራቸው አይኑራቸው ተከፍተው ሳይታዩ ነው ፋብሪካው የተነሣው። እኛ አገር «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንላለን። እነዚያ ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሁሉም የሚጠይቁት ጥያቄ «መቼ እንነሣለን?» የሚል ነበር። «ለምን ተሰነጠቀ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ፋብሪካው በአምስት ቀን ይነሣ በአምስት ወር ግድ የማይሰጠው አንድ ሰው፣ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ያ ሰው ከሌላ ከተማ በባቡር ግማሽ ቀን ይበቃው ነበር።

አሁን እኔም ገምጋሚ ሆኛለሁ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ወረቀት ማገላበጥ ይመስላል፤ ከፊሉም እሱ ነው። በመጀመሪያ የማየው የሚገባውና የሚወጣው ዕቃና ሙቀት ሚዛን ነው። የገባው ካልወጣ አንድ ቦታ ተከማችቷል፣ ወይም ሰውዬው ተሳስቷል። ቀጥሎ የቧንቧና የመሣሪያ ሥዕሉ፣ የግፊት ማስተንፈሻዎቹ ስሌት፣ ነገሮች መሬት ላይ የተቀመጡበት ርቀት። ቢሮው ከሪአክተሩ ስንት ሜትር ነው? በ2005 ቴክሳስ ሲቲ ውስጥ ባለ ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ የሞቱት 15 ሰዎች አደጋ ላይ ከነበረው መሣሪያ አጠገብ በቆሙ ተጎታች ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ ነበሩ፤ እዚያ መሆን ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው።

በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ሃዞፕ የሚባል ዘዴም አለ። በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አይሲአይ በተባለው የኬሚካል ኩባንያ የተወለደ ነው። እያንዳንዷን ቧንቧ ይዘህ በጥቂት ቃላት ትፈትናታለህ፦ ፍሰቱ ባይኖርስ? ቢበዛስ? ቢያንስስ? ወደ ኋላ ቢሄድስ? አሰልቺ ነው። ቀናት ይፈጃል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነበር የሚካሄደው፤ ሠንጠረዡም በእንግሊዝኛ። ሁለት አንጋፋ ኦፕሬተሮች ተጋብዘው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በሦስተኛው ቀን ጥያቄዎቹን በአማርኛ ማንበብ ጀመርኩ። «ፍሰቱ ወደ ኋላ ቢመለስስ?» ስል አንደኛው ሣቅ ብሎ «እሱማ ሁሌ ይመለሳል» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካስ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ ከተገጠመ ጀምሮ በደንብ ዘግቶ አያውቅም፤ እነሱ ሌላ ቫልቭ በእጃቸው እየዘጉ ነው ዓመታት የገፉት። ሥዕሉ ላይ ቫልቩ ጤነኛ ነው። የእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ላይም «ጥበቃ አለ» ተብሎ ተሞልቶ ነበር።

ገምጋሚ መጥቶ አይቶ ስለሄደ ግን ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ፣ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ፣ የሆነው ይህ ነው። በሜይ 1982 የእናት ኩባንያው ባለሙያዎች ከአሜሪካ መጥተው ፋብሪካውን ፈትሸው መርዛማ ጋዝ ሊያመልጥባቸው የሚችልባቸውን ጉድለቶች ጽፈው ነበር። በዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984 ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ሜቲል አይሶሲያኔት የተባለ መርዝ ሲያመልጥ፣ ታንኩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ከወራት በፊት ጠፍቶ ነበር፤ ጋዙን የሚያቃጥለው ማማ ቧንቧው ተፈትቶ ነበር፤ ጋዙን የሚያጥበው መሣሪያም በተጠንቀቅ ላይ አልነበረም። በተኙበት ያለቁት ሺዎች ናቸው። ወረቀቱ ተጽፎ ነበር። ወረቀት ቫልቭ አይዘጋም። ገምጋሚው ለማን ነው የሚናገረው? የተናገረውስ ካልተፈጸመ የሚቆም ነገር አለ? የጋሼ ሪፖርት ሥራ ላይ የዋለው ባንኩ ታንከሩ ሳይተከል ቀጣዩን ክፍያ አልለቅም ስላለ ነው። እኔ የማምንበት አሠራርም ይኸው ነው፦ ገምጋሚው ሪፖርቱን ገንዘቡን መያዝ ለሚችል አካል ይስጥ፤ ለያንዳንዱ ግኝት በጽሑፍ መልስ ይምጣ፤ «አንቀበለውም» ማለትም ይቻላል፣ ግን ከነምክንያቱና ከነፊርማው።

የራሴን ጥፋትም ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንድ የቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ሊሠራ ዲዛይኑን እንድገመግም ተጠራሁ። ቆዳ ሲላጭ የሚወጣው ፍሳሽ ኖራና ሰልፋይድ አለበት። በኋላ ቆዳው ለክሮም ሲዘጋጅ የሚወጣው ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። ሲበዛ ደግሞ ማሽተቻን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስልሃል፣ ጋዙ ግን እዚያው አለ። ዲዛይኑ ላይ ሁለቱ ፍሳሾች ከማጣሪያው በፊት አንድ ቦይ ውስጥ ይገናኙ ነበር። አየሁት። ወዲያው ነው ያየሁት።

ግን ሥራ አስኪያጁ የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ነበር። ቤቱ ወስዶ ምሳ ጋብዞኛል፤ ባለቤቱ ቡና አፍልታልናለች፤ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልለቀቀችኝም። ሁለት ቦይ ማለት እንደገና መቆፈር ነው፤ የተቆረጠው ቀንም ደርሷል። ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሁለቱ ፍሳሾች የሚለያዩበት መንገድ ቢታሰብበት መልካም ነው።» ቢታሰብበት። መልካም ነው። ይሉኝታ ዓረፍተ ነገር ሲሆን እንዲህ ነው የሚመስለው።

ቦዩ አንድ ሆኖ ተሠራ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁለት የቀን ሠራተኞች ሊያጸዱት ወርደው ወደቁ። ሦስተኛው ጓደኛቸው አፍንጫውን በነጠላ አስሮ በገመድ ጎትቶ አወጣቸው። በእግዚአብሔር ቸርነት ሁለቱም ተርፈዋል። አንደኛው ግን ለረጅም ጊዜ ራስ ምታትና ማዞር አልለቀቀውም። ብርቱካን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ከፋብሪካው የተላክሁ መስሎት ሊነሣ እየሞከረ «እግዜር ያክብርልኝ» አለኝ። እናቱ ወንበሩን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ባለመናገሬ የቀረው የሌላ ሰው ጤና ነው።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ስጽፍ «ቢ» የሚል ግሥ አልጠቀምም። «ሁለቱ ቦዮች ሳይለያዩ ፍሳሽ አይለቀቅ።» ምሳም አልበላም። ሰው ይከፋዋል፣ አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ እንጀራ አለመቁረስ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ሲያልቅ ራሴ ጠርቼ እጋብዛለሁ።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሣው አገራችን ትልልቅ የኬሚካል ሥራዎች ደጃፍ ላይ ስለቆመች ነው። በኦገስት 2025 ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረት ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገነባ ነው፤ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ ይመጣል። ገበሬያችን በየዓመቱ ማዳበሪያ በመርከብ ጠብቆ እንደሚዘራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልብ የሚያሞቅ ዜና ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። የተነገረው ጊዜ 40 ወር ነው። ዩሪያ የሚሠራበት አሞኒያ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሙቀትና ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ የአየር ግፊት የሚሠራ ነገር ነው። ዩሪያው ሲሠራ መሃል ላይ የሚፈጠረው ካርባሜት ተራ ብረትን ይበላል፤ ልዩ ብረት ይፈልጋል፤ ያ ብረትም በትክክል ካልተበየደ ዋጋ የለውም። በረሃ ውስጥ ማቀዝቀዣ ውሃ ከየት፣ በበጋ በስንት ዲግሪ ይመጣል? የእሳት አደጋ ተከላካዩ ከየት ይነሣል? ነዋሪው ከአሞኒያ ታንኩ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰፍራል፣ ከአሥር ዓመት በኋላስ ከተማው ወደየት ያድጋል? እነዚህን የሚጠይቁ ሰዎች ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለባቸው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የሚመጣ ገምጋሚ የሚያገኘው ይቅርታ ብቻ ነው።

የያዩን ፋብሪካም አንርሳ። ኢሉባቦር ውስጥ ከድንጋይ ከሰል በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ለማምረት የተጀመረው ፕሮጀክት ምርት ሳይጀምር ቀረ። ስለ ገንዘቡና ስለ ኃላፊነቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምለው ስለ ሂደቱ ነው። ከሰሉን ወደ ጋዝ መለወጥ፣ ጋዙን ማጽዳት፣ ሃይድሮጂኑን መለየት፣ አሞኒያ መሥራት፣ ከዚያ ዩሪያ። እያንዳንዱ ደረጃ ለአገሩ አዲስ ነው። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ1981 ባወጣው ጥናት 44 የሂደት ፋብሪካዎችን አይቶ ነበር። ፋብሪካው ከተተከለ በኋላ የታሰበውን ያህል ያመርት እንደሆነ ከሚናገሩት ዋና ዋና ነገሮች መካከል ሁለቱ እነዚህ ሆነው አገኘ፦ ስንት ደረጃ አዲስ ነው? የዕቃና የሙቀት ሚዛኑስ ስንቱ ከእውነተኛ ፋብሪካ በተገኘ መረጃ የተረጋገጠ ነው? ይህን ቆጥሮ ለመናገር ሁለት ሳምንት የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። ደመወዛቸው ከአንድ ፓምፕ ዋጋ አይበልጥም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሂውስተን ማጣሪያ ውስጥ፣ ሳዑዲ ጁቤይልና ኳታር ራስ ላፋን ኬሚካል ግቢ ውስጥ የምትሠሩ፣ ይህ ለእናንተ የዕለት እንጀራ ነው። የጎዴ ቀን እናንተን አያሯሩጣችሁም። ለዚህ ሥራ ከእናንተ የተሻለ የተቀመጠ ሰው አላውቅም።

የጋሼ ታንከር ተተክሏል። ማስተንፈሻው ሰፍቷል። ቀስ ብሎ የሚገባው ፎርማሊን ግን ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው የመጣው፤ እኔ ራሴ ሥዕሉን ደግሜ ሠራሁት፣ ምረቃውም ሦስት ወር ተኩል ዘገየ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እምቢ ሲል ውሃው ከላይ ወረደ። ሙጫው ወፍሮ ተበላሸ፤ ተጥሎ ተጸዳ። በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ማንም አላጨበጨበም፤ የሆነ ነገር የለማ። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። «ባትሪውን ግን አሁንም አልቀየሩትም ማለት ነው?» አሉኝ።

ባለፈው ወር ሌላ ከተማ፣ ሌላ ፋብሪካ ሄጄ ነበር። እንደ ልማዴ ሥዕሉን ሳላይ ሌሊት ገባሁ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ብቻውን ነበር። አዲስ ስክሪን፣ አዲስ ወንበር፣ ሁሉ ነገር የሚያብረቀርቅ።

«መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ስልኬን አበራለሁ» አለኝ።

«ለምን?»

«የማቆሚያውን ቁልፍ ለማግኘት፤ እዚህ ጨለማ ነው። ባትሪዬ ከሌለ ግን በዳሰሳ ነው።» እጁን ወደ ፓነሉ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሳየኝ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛው። ጣቱ ያረፈችው አምስተኛው ላይ ነበር።